ከሞተር ጥገና በኋላ የሚከሰት የነዳጅ መፍሰስ እና ምንጩን የማግኘት ሥራ

የተሽከርካሪ ሞተር ተጠግኖ ከተገጠመ በኋላ ነዳጅ ማፍሰስ ሲጀምር፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የጠጋኙ እጅ በደረሰበት ቦታ ነው። በዚህ ምክንያት ምርመራው ኮፈኑን ከመክፈት አስቀድሞ ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተቀየረና የትኛው አሮጌ ዕቃ ተመልሶ እንደተገጠመ በመጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄው ከነዳጅ ጋር የማይገናኝ የሚመስለውን ሥራም ማካተት አለበት፤ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለማውረድ የነዳጅ አከፋፋዩን ቧንቧ ነዳጅ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ጋር ማንሳት የተለመደ ሲሆን፣ ለዓመታት ሳይነቃነቅ የቆየ የጎማ ቱቦ ደግሞ ለሥራ እንዲመች ገለል ስለተደረገ ብቻ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቀጥሎ መለየት ያለበት የታየው እርጥበት አሁን የሚያፈስ ነዳጅ ነው ወይስ በሥራው ጊዜ የተደፋ የሚለው ነው። ቤንዚን ፈጥኖ ስለሚተን ሽታና እድፍ ብቻ ይተዋል፤ ናፍጣ ግን ቅባቱ ለቀናት ሊቆይና መርማሪውን ሊያሳስት ይችላል። አካባቢውን ጠርጎና አድርቆ እንደገና እስኪረጥብ መጠበቅ አሰልቺ ቢሆንም፣ ይህን እርምጃ መዝለል ደህና የሆነ ዕቃ ወደ መቀየር ያደርሳል።

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይና በመፈተሻ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ፣ ሞተሩ ሳይነሳ የሚደረግ ነው። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ባላቸው በርካታ መኪኖች ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሠርቶ መስመሩን በግፊት ይሞላል፤ አንድ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ሌላው የእሳት ማጥፊያ በቅርቡ አስቀምጦ መጋጠሚያዎቹን ይመለከታል። ነዳጅ ከታየ ሞተሩ አይነሳም፤ ማናቸውም መጋጠሚያ ከመፈታቱ በፊትም የመስመሩ ግፊት መተንፈስ አለበት።

በቤንዚን ሞተሮች ላይ ደጋግሞ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው በኢንጀክተሩ አናት ላይ ያለው ክብ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ነው። ነዳጁ በማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ በሚያስገባው ቧንቧ) በኩል በሚረጭባቸው ሞተሮች ይህ ትንሽ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር (የግፊት መለኪያ) የሚደርስ ግፊት ይሸከማል። ጎሚኒው በደረቁ ከተገፋ በቀዳዳው ጠርዝ ተቆርጦ ጨረቃ የመሰለች ቀጭን ቁራጭ ይለቃል፤ ኢንጀክተሩ ከውጭ ሲታይ በትክክል የተቀመጠ ቢመስልም፣ ግፊት ሲደርስበት ነዳጁ በአንገቱ ዙሪያ ላብ መስሎ ይወጣል። መፍትሔው አዲስ ጎሚኒ በንጹሕ የሞተር ዘይት አርሶ መግጠም ነው። የታችኛው ጎሚኒ በአንጻሩ የሚያግደው አየርን ስለሆነ፣ ጉዳቱ የሚታወቀው በመንጠባጠብ ሳይሆን ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን መስጫው ሳይረገጥ) ሲሠራ በመንገጫገጩ ነው። ጠቅ ብለው የሚያያዙ የፕላስቲክ ማያያዣዎችም ድምፃቸው ስለተሰማ ብቻ አይታመኑም፤ ወደ ኋላ ተስበው መፈተን አለባቸው። የመዳብ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ሥር የሚገባ ማሸጊያ ቀለበት) አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ በሚገባ ላይገጥም ስለሚችል በአዲስ መተካት ይገባዋል፤ ቡሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ መፍሰሱን ለጊዜው ቢቀንስም ክሩን ይበላል።

ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች በአከፋፋይ ቧንቧቸው ከ1000 ባር በላይ፣ አንዳንዶቹም ከ2000 ባር በላይ ስለሚይዙ አፈታተሻቸው ይለያል። ከቀጭን ስንጥቅ የሚወጣው ጭስ የመሰለ ርጭት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ኢምንት ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እንዲህ ያለው ቦታ በካርቶን እንጂ በጣት አይፈተሽም። በናፍጣ መኪና ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው የመምጠጫ መስመር ሲላላ ደግሞ ነዳጅ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከፊልትሮ ቅያሬ በኋላ ሞተሩ ለመነሳት ካስቸገረ፣ በመስመሩ መሐል ለጊዜው በሚገባ ግልጽ ቱቦ ውስጥ አረፋ መፈለግ ይጠቅማል።

ጠብታው የሚታይበት ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል። ነዳጅ ቧንቧን ተከትሎ ይወርዳል፣ የማራገቢያው ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሚፈለገው ከፍተኛው እርጥብ ነጥብ ነው። ምንም እርጥበት ሳይኖር ጌጁ ላይ ግፊቱ ከወደቀ መፍሰሱ ውስጣዊ ሊሆን ይችላል። በግፊት መቆጣጠሪያው የቫክዩም ቱቦ ውስጥ ቤንዚን መገኘቱ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን መቀደዱን ያመለክታል፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ደግሞ ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ ሰጪውን) ያረጥባል፣ ሲብስም ዘይቱን አቅጥኖ መጠኑን ከፍ ያደርጋል። ሽታ ብቻ ኖሮ ጠብታ ከሌለ፣ የነዳጅ ተን ከሚይዘው የከሰል ማጣሪያ የሚመጣው የተን ቱቦ ሳይመለስ መቅረቱ ይጠረጠራል፤ በዚህ ጊዜ የመመርመሪያ መሣሪያው ፒ0442 ወይም ፒ0455 የሚል የተን መፍሰስን የሚጠቁም ኮድ ሊያሳይ ይችላል።

ጥገናው ከታረመ በኋላ ፍተሻው በቀዝቃዛም በሞቀም ሞተር ይደገማል፤ የደረቀ ጎሚኒ በጠዋት ቅዝቃዜ አፍስሶ ሲሞቅ ሊያቆም ይችላልና። ከታንኩ ውስጥ ፓምፕ ወጥቶ ከነበረ ደግሞ በክዳኑ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚፈተነው ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው፤ በግማሽ ታንክ ነዳጁ እዚያ አይደርስም።