ሽታው የእርጅና አይደለም፤ ውሃም አትከልክሏቸው

አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምንከባከብ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የማንኳኳው በር ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በአንድ ዓይነት ይቅርታ ነው፦ «ሲስተር፣ ቤቱ ትንሽ ይሸታል፤ ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው»። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ሽታውን የእርጅና ነው ያለ ቤተሰብ መንስኤውን መፈለግ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሸፋፈን ብቻ ነው።

በዕድሜ የሰውነት ጠረን መለወጡ እውነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የጃፓን ተመራማሪዎች ኖኔናል የተባለ ጠረን የሚሰጥ ንጥረ ነገር ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ማግኘታቸውን አሳውቀዋል። ነገር ግን ይህ ጠረን ሰው የሚያባርር አይደለም። በዚያው አቆጣጠር በ2012 በፊላደልፊያ የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎች የወጣቶችን፣ የጎልማሶችንና ከ75 እስከ 95 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች የብብት ጠረን የማን እንደሆነ ሳይናገሩ አስሽትተው ነበር። ከሁሉም ደካማ የተባለውና ብዙም የማያስጠላው የአረጋውያኑ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉን የሚያፍነው እንግዲህ ሌላ ነው፤ ሽንት የጠጣ ፍራሽ፣ ያልጸዳ አፍ፣ የተደበቀ ቁስል፣ ወራት ያስቆጠረ ጋቢ።

ጋቢውን በተለይ አንሱልኝ። ወፍራም ስለሆነና ቶሎ ስለማይደርቅ ሳይታጠብ ይከርማል፤ አባባ ይተኙበታል፣ ይመገቡበታል፣ ይደገፉበታል። ሁለት ጋቢ ይኑራቸው፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበስ። ራሳቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶች ዘንድ ደግሞ ቅቤው ሻሹና ትራሱ ላይ ቆይቶ ይበላሻል። የትራስ ልብስ በሙቅ ውሃና በሳሙና መቀቀል እንጂ እናትን መውቀስ አያስፈልግም። እሳቸውም «ምንም አይሸተኝም» ሲሉ ግትርነት አይምሰላችሁ። ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት የማሽተት አቅማቸው ቀንሷል።

«መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይመታቸዋል» ይባላል። ደህና አልብሷቸውና ክፈቱት።

«እጣን ይበቃዋል» የሚለው ከዚህ ይከፋል። እጣን እወዳለሁ፤ ነገር ግን እጣን ሽታ አያጠፋም፣ በላዩ ይደርባል። መስኮቱ ተዘግቶ አልጋ አጠገብ ከሰል ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ የሽታ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ራሱ ምንም ጠረን የለውም፤ ተኝቶ መነሳት የማይችል ሰው አጠገብ ከሰል አይቀመጥም።

«በረኪና ሁሉን ያጠራል» የሚሉም አሉ። ትኩስ ሽንት ብዙም አይሸትም፤ ጨርቅና ወለል ላይ ሲቆይ ባክቴሪያ ውስጡ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ዓይን የሚያስለቅሰው ያ ነው። በዚያ ላይ በረኪና ሲፈስ ሁለቱ ተዋህደው ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። በረኪናና አቼቶ መቀላቀልም እንዲሁ መርዛማ ክሎሪን ያወጣል። በመጀመሪያ በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፤ በረኪና ካስፈለገ በመጨረሻ፣ በውሃ አቅጥናችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ተጠቀሙ። የስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ እርጥቡን በደረቅ ጨርቅ እየተጫናችሁ ምጠጡት፣ እኩል የተቀላቀለ ውሃና አቼቶ እርጩበት፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጡት። ፍራሹን በላስቲክ ሸፍኑ፤ ላስቲኩ ግን ገላቸውን እንዳይነካ ከአንሶላው ሥር ይሁን። ለወራት ሽንት የጠጣ ስፖንጅ አይመለስም፤ ለሽቶ የምታወጡትን ገንዘብ አጠራቅማችሁ ፍራሹን ቀይሩት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ውሃ ካልጠጡ አይሸኑም፤ ካልሸኑ አይሸትም» የሚለው እምነት።

ይህን የሚያደርጉት ክፉ ልጆች አይደሉም። ሌሊት ሦስት ጊዜ አንሶላ የሚቀይሩ፣ ጠዋት ሥራ የሚገቡ፣ እናታቸውን የሚወዱ ልጆች ናቸው። ውጤቱ ግን የፈለጉት ተቃራኒ ነው። ኩላሊት ውሃ አነሰ ብሎ ቆሻሻ ማጣራቱን አይተውም፤ ያንኑ ቆሻሻ በጥቂት ውሃ ያወጣዋል። ሽንቱ መጠኑ ያንሳል፣ ሽታው ግን ይከረፋል። የወፈረ ሽንት ፊኛን ስለሚቆጠቁጥም እናት ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል፤ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ ያመልጣቸዋል። አንጀትም ይደርቃል። የደረቀው ዓይነ ምድር ፊኛውን ይጫናል፤ በጎኑ ቀጭኑ ሾልኮ ይወጣና ቤተሰቡ «ተቅማጥ ያዛቸው» ብሎ ውሃውን ጭራሽ ይቀንሳል። «ቢጠማቸው ይጠይቁ ነበር» አትበሉኝ። የውሃ ጥም ስሜት በዕድሜ ይደክማል።

ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ አንዲት እናት ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ። ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ለቤት ሠራተኛዋ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ ብቻ እንድትሰጥ አዝዛለች። ፖፖው ውስጥ የነበረው ሽንት ቀይ ሻይ ይመስላል። ምላሳቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከንፈራቸውን ሲከፍቱ ቆዳው ተያይዞ ይላቀቃል። ልጃቸውን በሟች እህታቸው ስም ይጠሯታል፤ ቤተሰቡ «ጃጁ» ብሎ ተቀብሎታል። ሆስፒታል ሲወሰዱ የተገኘው ከባድ የውሃ እጥረትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ግሉኮስና መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከቀናት በኋላ ልጃቸውን በስሟ ጠርተው ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። ልጅቷ መልስ መስጠት አቅቷት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እንዲህ ያለውን ነገር ያየሁት እዚያ ቤት ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ነው ድምፄን ከፍ የማደርገው።

አንድ ትልቅ ብርጭቆ ገትራችሁ «ይጠጡ እንጂ» አትበሏቸው። በስኒ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ ስጧቸው። ሾርባ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ብርቱካን፣ ሐብሐብም ውሃ ናቸው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መቀነስ ይቻላል፤ ቀን መከልከል ግን አይቻልም። ቡና ጠዋት ይጠጡ፣ የማታውን ይተዉት። የሚያሸና ኪኒን ካላቸው ጠዋት መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ሐኪም የውሃ መጠን ከወሰነላቸው ደግሞ የሐኪሙ ቃል ከእኔ ይቀድማል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናቶች ጉዳይ ከባድ ነው፤ እናንተ ከምትከራከሯቸው የንስሐ አባታቸው ቢያነጋግሯቸው ይሰማሉ፤ ለታመመ ሰው ጾምን ያቀሉለታልና። በረመዳንም አቅም ያጣ አረጋዊ የመጾም ግዴታ የለበትም።

ብዙዎቹ ደግሞ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሳይሆኑ መጸዳጃ ቤቱ የራቀባቸው ናቸው። ጉልበታቸው ይዟቸው፣ ኮሪደሩ ጨልሞ፣ መቀነታቸው አልፈታ ብሎ ነው የሚያመልጣቸው። ሲነቁ፣ ከምግብ በኋላና በየሁለት ወይም ሦስት ሰዓቱ ሳይጠይቁ ውሰዷቸው። ሌሊት መብራት አይጥፋ። መቀመጫው የተበሳ ወንበር በአናጢ አሠሩና ከሥሩ ፖፖ አድርጋችሁ አልጋው አጠገብ አቁሙት፤ ከውጭ አገር ዘመድ ከሚልከው የክፍል ሽቶ ሁሉ ይህ ወንበር ይበልጣል። ፖፖው ግን ወዲያው ይደፋ።

«ዳይፐር ካደረግንላቸው አለቀ» ለሚሉ፦ አላለቀም። እንደረጠበ ይቀየር፤ ገላው በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ ሳይፈተግ ደርቆ፣ ቫዝሊን ይቀባ።

«ሽንቱ ከሸተተ ኢንፌክሽን ነው» ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ አትግዙ። ሽታ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ትኩሳት፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ድንገተኛ ግራ መጋባት ሲኖር ግን ምርመራ ያስፈልጋል።

አፍን ሁሉም ሰው ይረሳዋል። ጥርስ የሌለው አፍም በየቀኑ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ወልቆ፣ ተቦርሾ፣ ውሃ ውስጥ ያድራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታው ካልለቀቀ ልብሳቸውን አውልቃችሁ ገላቸውን እዩ፤ ማፈሩን ለእኔ ተዉት። ወገባቸውን፣ መቀመጫቸውን፣ ተረከዛቸውን፣ በጣቶቻቸው መካከል ያለውን ተመልከቱ። የመኝታ ቁስልና የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ሳያሳምም ሊከፋ ይችላል፤ አንዳንዴም ቀድሞ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም የበሰበሰ ፍራፍሬ ጠረን ካመጣ፣ በተለይ እያስታወከው ወይም በፍጥነት እየተነፈሰ ከሆነ፣ ነገን ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።