ራሱን የሚያዋርድ ከፍ ይላል ሲባል

«ራሱን ከፍ የሚያደርግ ሁሉ ይዋረዳል» የሚለው የሉቃስ ወንጌል ቃል (18፥14) ሲነበብ፣ እግዚአብሔር ስኬትን የሚጠላ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቃሉ በተነገረበት የኢየሱስ ምሳሌ ግን፣ ሊጸልዩ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ፈሪሳዊ (ሕግን አጥብቆ የሚጠብቅ የአይሁድ ወገን) የተነቀፈው በሳምንት ሁለት ጊዜ በመጾሙና ዐሥራት በማውጣቱ ሳይሆን፣ በራሱ ጽድቅ ታምኖ ሌላውን በመናቁ ነው፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ ለማንሣት ያልደፈረው ሁለተኛው፣ ቀራጩ (ግብር ሰብሳቢው)፣ ደግሞ ደረቱን እየደቃ ምሕረትን ለምኖ ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለዚህ ከፍታው አስቀድሞ በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት ማግኘት እንጂ ሹመት ወይም ሀብት አይደለም። ውርደቱም ቢሆን፣ ይህም እጅግ የሚያጽናና ነው፣ ሁልጊዜ የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም፤ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4 በባቢሎን ታላቅነት የተመካው ናቡከደነፆር መንግሥቱን አጥቶ እንደ በሬ ሣር ከበላ በኋላ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲያነሣ አእምሮውም መንግሥቱም ተመልሰውለታል።