«ኧረ አልተኛሁም!»፦ እንቅልፍ ሳይጠግቡ ስለ መንዳት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ዘመድ ልቀበል ቦሌ ኤርፖርት ሄድኩ። አውሮፕላኑ ዘገየ። ሻንጣው ደግሞ ከአውሮፕላኑም ባሰ። እንግዳዬን ስድስት ኪሎ አድርሼ ቤቴ ስገባ ነግቷል። ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ በቀጥታ ወደ ሥራ። ሜክሲኮ ስደርስ መብራት ያዘኝ። ቀዩን አየሁት። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው አንድ ወያላ የመኪናዬን ጣሪያ በመዳፉ ሲደበድብ ነው።

«ባለ ቪትዝ! ተኝተሃል እንዴ?»

እግሬ ፍሬኑን ለቆታል። መኪናዋ ቀስ ብላ ተንሸራታ ከፊቴ ካለው ሚኒባስ ጋር ተሳስማለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኧረ አልተኛሁም!»

የሚገርመው አለመዋሸቴ ነው። የምር አልተኛሁም ብዬ አምኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር ይህን ወሬ አነሳለሁ። የምሰማው መልስ ደግሞ ያው ነው።

«እንቅልፍ ሲመጣ ይታወቀኛል»

ድካሙ ይታወቃል። ዓይን ይቆረቁራል፣ ማዛጋት ይደጋገማል። የማይታወቀው እንቅልፉ ይዞን የሚሄድበት ቅጽበት ነው። አእምሮ በጣም ሲደክመው ሳያስፈቅድ ለጥቂት ሰከንዶች ይዘጋል። አንዳንዴ ዓይናችን እንደተከፈተ። ሲመለስ የጎደለ ነገር ያለ አይመስለንም፤ መዝጋቢው ራሱ ተኝቶ ነበራ! ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ ሳር ቤት ስትደርሱ በሜክሲኮ ማለፋችሁ ትዝ ካላላችሁ፣ ያን ቀን በደህና የገባችሁት በእድል ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ 67 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የተኛ ሰው ደግሞ ፍሬን አይዝም። የእንቅልፍ አደጋ ብዙ ጊዜ አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት የማይገኝበት ለዚህ ነው።

«አልጠጣሁም እኮ፣ ምን አስፈራኝ?»

ይቺን የሚሉኝ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ቢራ እንኳ ቀምሰው መሪ አይዙም። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓት ነቅቷል ማለት ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ሰው የሚፈዝዘው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለ ሰው ነው። ብዙ አገሮች «ከዚህ በላይ ከጠጣህ አትንዳ» የሚሉት እዚህ ቁጥር ላይ ነው። 24 ሰዓት ሳይተኛ ከዋለና ካደረ ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ለቅሶ ቤት ያደረ፣ ማኅሌት ቆሞ ያነጋ፣ የሆስፒታል አዳር የጨረሰ ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ልዩነቱ፣ ትራፊክ ፖሊስ ትንፋሽ የሚለካበት መሣሪያ አለው፤ እንቅልፍ የሚለካበት ግን የለውም።

«አንድ ቡና ካልኩ በቃ»

ቡና አይረባም አልልም። እዚህ አገር ይህን ብሎ የሚኖር የለም። ግን ሥራውን እንወቅ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን እሱ ነው። ካፌይን ቀድሞ ገብቶ የአዴኖሲንን ወንበር ይይዝበታል እንጂ አያጠፋውም። ታክሲው ሞላ ማለት ሰልፉ አለቀ ማለት አይደለም። ቡናው ሲለቅ ሰልፉ እዚያው ነው፣ ያውም ረዝሞ። ደግሞም ሥራ ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አራት ኪሎ ላይ ማኪያቶውን ጨልጦ የተነሳ ሰው፣ መንገዱ ከቀናው ቡናው ሳይሠራለት ቦሌ ይደርሳል።

መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ መጨመር፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨትስ? ቢበዛ ለጥቂት ደቂቃ ያነቃሉ። ከዚያ ብርድና ጩኸት እየሰሙ መተኛት ነው።

«ጫት አለልኝ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ የሌሊት ሹፌር ጉንጩን ወጥሮ የሚነዳው ለጨዋታ ሳይሆን ለእንጀራው ነው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ፤ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ማንቃቱ ውሸት አይደለም። ግን የተኛነውን ሰዓት አይጨምርልንም። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ልቡ ይሞላል፤ የተኛ የማይመስለው ሰው ላይ «ምንም አልሆንም» ሲታከልበት አስቡት። ምርቃናው ሲወርድ የተገፋው ድካም ሁሉ ይመጣል። ቤቱ ሲገባ ጫቱ እንቅልፍ ይነሳዋል። በማግስቱ ደክሞት ይነሳና መልሶ ይቅማል። የአራጣ ብድርን በሌላ አራጣ እንደ መክፈል ነው። ጨብሲ ከተጨመረበትማ አልኮሉና እንቅልፍ ማጣቱ ይደራረባሉ፤ ያኔ መሪ መያዝ አይደለም፣ መንገድ መሻገርም ያስፈራል።

«ይሄ የአገር አቋራጭ ሹፌሮች ጣጣ ነው»

ከተማ ውስጥ ማንቀላፋትም ያው አደጋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። መንገዳችን ዳር ሁልጊዜ ሰው አለ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ሌሊት ሲለቀቅ ያሳብዳል፤ እግር ሳይታወቅ ነዳጁ ላይ ይከብዳል።

አደጋው ሌሊት ብቻም አይደለም። የሰውነታችን ሰዓት በቀን ሁለቴ ይወርዳል። በእኛ አቆጣጠር ለመያዝ ቀላል ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢና ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ። ከምሳ በኋላ ሲያንገላጀን በሽሮው እናሳብባለን እንጂ፣ ሽሮው ባይበላም ሰዓቱ ይወርድ ነበር።

«ለምጄዋለሁ»

የሚለመደው ስሜቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ላይ ለ14 ቀን በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ሲለኩ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰው ያህል ፈዘዋል። ሲጠየቁ ግን ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ከማለት ያለፈ አልታወቃቸውም።

ታዲያ ምን ይሠራል? መኪናውን ትቶ በታክሲ መሄድ። ካልሆነም ዳር ይዞ፣ ቆልፎ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት። ቡናውን ከመተኛታችሁ በፊት ብትጠጡት ስትነቁ ይደርስላችኋል። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን እንቅልፉ ይጠልቅና ስትነሱ ትደነዝዛላችሁ፤ እስኪለቃችሁ ቁጭ በሉ። ይህም ቤት የሚያደርስ ነው እንጂ የሌሊቱን እንቅልፍ አይተካም።

በቀደም ከለቅሶ ቤት አድሬ ስመለስ ስታዲየም ጋ ቆምኩ። ወንበሩን ለጥጬ፣ የስልኬን አላርም ሞልቼ ጋደም አልኩ። አላርሙ ሳይጮህ የፓርኪንጉ ልጅ መስታወቱን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ተኝተው ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ተኝቼ ነበር» አልኩትና የግማሽ ሰዓቱን ከፈልኩ።