የአየርላንድ ገጠር የሶዳ ዳቦ

የአየርላንድ የሶዳ ዳቦ እርሾ አያውቅም። ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና አሬራ፣ በቃ። ብዙ ሰው ከጥንት የወረደ ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ቤኪንግ ሶዳ ወደ አየርላንድ ቤቶች መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የደሃው ገበሬ ምግብ በአብዛኛው ድንች ነበር፤ በሰሜን በኩል ደግሞ የአጃ ቂጣ።

ሶዳው ቶሎ የተለመደበት ምክንያት አለው። በዚያ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር የሚበቅለው ስንዴ ለስላሳ ነው። ግሉተኑ አነስተኛ ስለሆነ በእርሾ ኩፍ ብሎ ለመቆም አቅም ያንሰዋል። ለሶዳ ግን ልክ ነው። አሬራው ደግሞ ከደጅ አይፈለግም፤ ቅቤ የሚናጥበት ቤት አሬራ አያጣም። የአሬራው ኮምጣጣነት ሶዳውን ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ሊጡን ይነፋዋል። ይህ ጋዝ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ማሸት የለም፣ ማሳደር የለም። ሊጡን ሰብሰብ አድርጎ ወዲያው ወደ እሳት ነው። በደንብ ልሽ ያለች ጀማሪ ድንጋይ ትጋግራለች።

ብዙ ቤት የዳቦ ምድጃ አልነበረውም። የነበረው ባስቲብል የሚባል ሦስት እግር ያለው ከባድ የብረት ድስት ነው። ከእሳቱ በላይ ይንጠለጠላል፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ይደረደራል። ድፎ ዳቦ ሲደፋ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ማገዶው እንጨት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከረግረግ መሬት እየተቆረጠ በነፋስና በፀሐይ የደረቀ፣ ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረ ጥቁር አፈር ነው። በሰሜን ደግሞ ምጣድ ይመረጣል። ክቡ ሊጥ አራት ቦታ ተቆርጦ በሁለቱም ጎን ይጋገራል፤ አንዱ ቁራጭ ፋርል ይባላል።

ወፍራሙ ዳቦ አናቱ ላይ በቢላ መስቀል ይሰመርበታል። ለበረከት ነው የሚል አለ፣ በተረቶቻቸው ያሉ ስውር ፍጥረታት እንዲወጡ ነው የሚልም አለ። እኔን የሚያሳምነኝ ሙቀቱ መሃሉ ድረስ እንዲዘልቅ መሆኑ ነው።

ቡናማው፣ ከነገለባው የተፈጨው፣ የዘወትር ዳቦ ነው። ዘቢብ የሚገባበት ለእንግዳ ወይም ለእሑድ ነው። በሊትሪምና በካቫን አካባቢ ደግሞ ጥሬ ድንች ተፍቆ ከተቀቀለው ጋር ይደባለቅና ቦክስቲ የሚባል የድንች ቂጣ ይሆናል።

የሶዳ ዳቦ ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ መጋገር ግድ ነበር፤ ሥራውም የሴቶች ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1946 ወዲህ ኤሌክትሪክ ወደ ገጠሩ መዘርጋት ሲጀምር ባስቲብሉ ቀስ በቀስ በኦቨን ተተካ። ቅቤ የሚንጥ ቤትም እየጠፋ ስለሄደ አሬራው አሁን ከሱቅ በካርቶን ይገዛል።