የጦር አብራሪ እንዴት ይመረጣል? የአፕቲትዩድ ፈተናው ታሪክ፣ ይዘትና ዝግጅት

የወታደራዊ አብራሪ ምርጫ ማለት ለመብረር ካመለከቱ ብዙ ወጣቶች መካከል ስልጠናውን እስከ መጨረሻው የሚዘልቁትን አስቀድሞ የመለየት ሥራ ነው። አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም ወንፊቶቹ ይመሳሰላሉ። የጤናና የአካል ምርመራ አለ። የአፕቲትዩድ ፈተና፣ ማለትም ለመብረር የሚያስፈልገውን የመማር ችሎታ የሚለካ ፈተና፣ አለ። ቃለ መጠይቅና የባህርይ ምዘና አለ። ብዙ አየር ኃይሎች ደግሞ አጭር የሙከራ በረራ ይጨምሩበታል።

ከመነሻው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፈተናው ድፍረትን አይለካም። ጥያቄው "ይህ ሰው በተመደበለት የሰዓት ብዛት መብረር ይማራል ወይ?" የሚል ነው። የጦር አውሮፕላን ስልጠና እጅግ ውድ ነው። መሀል ላይ የሚወጣ ሰልጣኝ የነዳጁን፣ የአስተማሪውንና የአውሮፕላኑን ሰዓት ይዞ ይሄዳል። ከዚያም በላይ፣ ላልተፈጠረበት ሥራ አየር ላይ የወጣ ሰው ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

በዚህ ርዕስ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በብዛት በይፋ የታተመው የአሜሪካ መረጃ በመሆኑ ጽሑፉ ወደዚያው ማጋደሉ አይቀርም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አብራሪ የሚመረጥበት ይህ ነው የሚባል መስፈርት አልነበረም። ጥሩ ፈረሰኛ ጥሩ አብራሪ ይወጣዋል የሚል እምነት ነበር። በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ዕጩዎችን አስቀምጠው በድንገት ሽጉጥ ይተኩሱ ነበር። ከዚያ የልብ ምታቸውን፣ አተነፋፈሳቸውንና የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ይመዘግባሉ። ያልደነገጠው ይመረጣል።

በዚያው ዘመን ታዋቂ የነበረው ሌላው መሣሪያ የባራኒ ወንበር ነው። ሮበርት ባራኒ በውስጠኛው ጆሮ የሚዛን አጠባበቅ ላይ ባደረገው ጥናት የ1914ን የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሐኪም ነው። ዕጩው በሚሽከረከር ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ያዞሩታል፤ በድንገት ያቆሙታል። ዓይኑ ከዚያ በኋላ ለስንት ሰከንድ እንደሚንቀጠቀጥ ይቆጠራል። ከተወሰነው ልክ የወጣ ሰው በዚያው ይሰናበታል። በዚህ መንገድ ስንት ጥሩ አብራሪ ከበሩ እንደተመለሰ ማን ያውቃል። ወንበሩን በኋላ እንመለስበታለን።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል አብዛኛው አገር ጉዳዩን ረስቶት ነበር። ለየት ያለው አሜሪካዊው ኒሊ ማሽበርን ነው። በ1930ዎቹ የአውሮፕላን መሪና የእግር ፔዳል ያለው የመፈተኛ ማሽን ሠራ። ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ሥራ ብዙውን የወረሰው ከዚህ ማሽን ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት

የዚህ ሙያ ወርቃማ ዘመን ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1941 የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የአቪዬሽን ሳይኮሎጂ ፕሮግራም አቋቋመ። መሪው ሳይኮሎጂስቱ ጆን ፍላናጋን ነበር። እስከዚያ ድረስ የበረራ ዕጩ ለመሆን የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይጠየቅ ነበር። በጥር 1942 ይህ ቀረና በቦታው የማጣሪያ ፈተና ገባ። ኮሌጅ የመግባት ዕድል ላላገኘ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሩን የከፈተለት ዲግሪ ሳይሆን ራሱ ያመጣው ውጤት ነው።

ማጣሪያውን ያለፈ ዕጩ ወደ ምዘና ማዕከል ይላካል። እዚያ የወረቀት ፈተናዎች አሉ፤ የማሽን ፈተናዎችም አሉ። ከማሽኖቹ ዝነኛው የማሽበርን ሐሳብ የወለደው ነው። ዕጩው ከፊቱ መሪ፣ ከእግሩ ሥር ፔዳል ይዞ ይቀመጣል። ሰሌዳው ላይ ቀይ መብራቶች ይበራሉ። እጁንና እግሩን አቀናጅቶ አረንጓዴዎቹን መብራቶች ከቀዮቹ ትይዩ ማድረስ አለበት። ልክ ሲያደርሳቸው ቀዮቹ ቦታ ይቀይራሉ። እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የሚቆጠረው በተሰጠው ጊዜ ስንቴ እንዳሳካ ነው። ሌላው ማሽን የሸክላ ማጫወቻ ይመስላል። በሚሽከረከር ሳህን ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ነጥብ አለች፤ ዕጩው በዘንግ ጫፍ ነጥቧን ሳይለቅ መከተል አለበት። እጁን ያደረቀ ሰው ወዲያው ይስታል። እጁን ላላ አድርጎ ከሳህኑ ጋር የሄደ ይቆያል።

የሁሉም ውጤት ተደምሮ ከ1 እስከ 9 ባለ እርከን ይቀመጣል። እርከኑ ስታናይን ይባላል፤ መሀሉ 5 ነው። አንድ ዕጩ ሦስት የተለያዩ ስታናይኖች ያገኛል። አንዱ ለአብራሪነት፣ አንዱ ለናቪጌተርነት (የበረራውን አቅጣጫ ለሚያሰላው)፣ አንዱ ለቦምብ ጣይነት። ፈተናው ያው ሆኖ ክብደቱ ይለያያል። ለናቪጌተር ሒሳብ ይከብዳል፤ ለአብራሪ ማሽኖቹ ይከብዳሉ።

ውጤቱ በስልጠናው ሜዳ ታየ። በአብራሪነት እርከን 9 ካገኙት መካከል ከስልጠና የተሰናበቱት ከመቶ 4 ገደማ ነበሩ። እርከን 1 ላይ ከነበሩት ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ተሰናብተዋል።

ግን ተቺዎች ጥሩ ጥያቄ ነበራቸው። የምታስገቡት ያለፉትን ብቻ ከሆነ፣ የወደቁት አይችሉም ነበር የምትሉት በምን ተረጋግጦ ነው? መልሱ ደፋር ነበር። በ1943 ከ1,000 በላይ ዕጩዎች ተፈትነው፣ ውጤታቸው ምንም ይሁን ምን ሁሉም ወደ በረራ ስልጠና ገቡ። ስልጠናው ካለቀ በኋላ ውጤቱና ፈተናው ተነጻጸሩ። የሁሉም ሲታይ ዝምድናው 0.64 ሆነ (0 ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ደግሞ ፍጹም ዝምድና ማለት ነው)። ይህ በሰው ምዘና ዓለም በጣም ከፍተኛ ቁጥር ነው። ከመካከላቸው በመደበኛው መስፈርት ያልፉ የነበሩት ብቻ ተነጥለው ሲታዩ ግን ቁጥሩ ወደ 0.18 ወረደ። ፈተናው አልተለወጠም። ደካሞቹ ከስሌቱ ሲወጡ የቀሩት ስለሚቀራረቡ ልዩነታቸው አይታይም። ዛሬም "ያለፉት ሁሉ እኩል ናቸው፣ ፈተናው ምንም አይጠቅምም" የሚል ክርክር ሲነሳ መልሱ እዚህ ሙከራ ውስጥ ነው። የፕሮግራሙ ሥራ በሙሉ ከጦርነቱ በኋላ በ19 ጥራዝ ታትሟል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሙከራ በአብራሪ ምርጫ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

የፈተናው ፍትሐዊነት ግን በሩ እስከተከፈተበት ልክ ብቻ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በዚያው ጦር ውስጥ ተለይተው በአላባማ ግዛት በቱስኪጊ ይሰለጥኑ ነበር። በ1941 የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ዕጩዎች 13 ነበሩ፤ በመጋቢት 1942 ተመርቀው የአብራሪነት ክንፍ የለበሱት 5 ናቸው። ለሴቶች በተቋቋመው የአብራሪዎች ፕሮግራም ከ25,000 በላይ አመለከቱ። 1,830 ተቀባይነት አገኙ፤ 1,074ቱ ተመረቁ።

እንግሊዞች በዚያው ጦርነት ሌላ መንገድ መርጠዋል። ዕጩውን 12 ሰዓት ያህል ታይገር ሞዝ በተባለ ትንሽ የማሰልጠኛ አውሮፕላን አብርረው፣ ከዚያ ማን ይቀጥል የሚለውን ይወስናሉ።

ከጦርነቱ በኋላ

ማሽኖቹ ብዙ አልቆዩም። ምዘናው ከጥቂት ማዕከላት ወጥቶ በየቦታው ሲበተን ማሽኖቹን በአንድ ልክ ማቆየት አልተቻለም። የአንዱ ጣቢያ ውጤት ከሌላው ጋር አልመሳሰል አለ። በ1955 የአሜሪካ አየር ኃይል ተዋቸውና በወረቀት ፈተና ቀጠለ። የእጅና የእግር ቅንጅት ፈተና እንደገና የተመለሰው ኮምፒውተር ሲመጣ ነው።

የዛሬዎቹ ፈተናዎች

የአሜሪካ አየር ኃይል የመኮንኖች ፈተና ኤ.ኤፍ.ኦ.ኪው.ቲ ይባላል። ለአብራሪነት የሚያመለክት ሰው በጆይስቲክና በፔዳል የሚሠራውን ቲባስ የተባለ የኮምፒውተር ፈተናም ይወስዳል። ሁለቱ ከግል የበረራ ሰዓት ጋር ተደምረው ከ1 እስከ 99 ባለ አንድ ነጥብ ይሆናሉ። የባሕር ኃይሉ ፈተና ኤ.ኤስ.ቲ.ቢ ሲሆን በሕይወት ዘመን ከሦስት ጊዜ በላይ አይወሰድም። የምድር ጦሩ የሄሊኮፕተር ፈተና ሲፍት ደግሞ ሁለት ዕድል ብቻ ይሰጣል። አንዴ ያለፈ ሰው ነጥቡን ለማሻሻል ብሎ መድገም አይችልም። እንግሊዝ ዕጩዎቿን በክራንዌል የአየር ኃይል ጣቢያ በኮምፒውተር ትፈትናለች። ጥብቋ ህንድ ናት፤ የአብራሪነት ፈተናው በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ነው። አንዴ ከወደቁ በቃ።

የጊዜ እጥረት የሁሉም መለያ ነው። በኤ.ኤፍ.ኦ.ኪው.ቲ 40 የሠንጠረዥ ንባብ ጥያቄዎች በ7 ደቂቃ ይሠራሉ። የአውሮፕላን መሣሪያ ንባቡ 25 ጥያቄ በ5 ደቂቃ ነው። የተደራረቡ ሳጥኖች ቆጠራው 30 ጥያቄ በአራት ደቂቃ ተኩል ነው።

የባሕር ኃይሉን ፈተና ብዙዎች የሚፈሩት በጆሮው ክፍል ምክንያት ነው። ተፈታኙ የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል። በቀኝና በግራ ጆሮው የተለያዩ ፊደሎችና ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ይነገሩታል። የአንዱን ጆሮ ብቻ እየሰማ ለተጋማሽ ቁጥር አንዱን ቁልፍ፣ ለጎዶሎ ሌላውን መጫን አለበት። ይህን እያደረገ በጆይስቲክ የሚሸሽ ዒላማ ይከተላል። አእምሮ ሁለቱንም ጆሮ ካልሰማሁ ይላል። ፈተናው የሚያየው ተፈታኙ የማይፈለገውን ድምፅ ገፍቶ መቆየት መቻሉን ነው። ኮክፒት (የአብራሪው መቀመጫ ክፍል) ውስጥ ሬዲዮው ሲንጫጫ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ዝግጅት

ልምምድ ውጤት ያሻሽላል ወይ? በሒሳብ፣ በመካኒክስና በአቪዬሽን እውቀት በኩል አዎ፤ ይህ አያከራክርም። በእጅና በዓይን ቅንጅት በኩል ግን አስተያየቱ ይለያያል። ቢያንስ ከመሣሪያው ጋር መላመድ ድንጋጤን እንደሚቀንስ ብዙዎች ይስማማሉ።

ከሁሉ ቀድሞ ካልኩሌተር መተው ነው። የአሜሪካ አየር ኃይልም ሆነ የባሕር ኃይሉ ፈተና ካልኩሌተር አይፈቅድም። ፍጥነት፣ ርቀትና ጊዜን በቃል ማስላት የዕለት ልምምድ መሆን አለበት።

ቀጥሎ አርቴፊሻል ሆራይዘን የሚባለውን፣ አውሮፕላኑ ከአድማስ አንጻር እንዴት እንዳጋደለ የሚያሳየውን መሣሪያ በደንብ ማንበብ ነው። ጀማሪ ሁሌም እዚህ ይሳሳታል። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሲያጋድል የአድማሱ መስመር ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የቀኝ ጫፉ ከፍ ይላል። ጀማሪው መስመሩን አይቶ "ወደ ግራ" ብሎ ይመልሳል። መድኃኒቱ ራስን ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ያጋደለው አውሮፕላኑ ነው፤ አድማሱ የትም አልሄደም።

በባሕር ኃይሉ ፈተና ያለው የአቅጣጫ ጥያቄም እንደዚያው ነው። ካርታው ላይ አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ በካሜራው ምስል ላይ በስተ ሰሜን ያለውን የመኪና ማቆሚያ ምረጥ ይባላል። ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ሰው ሰሜን በቀኙ ነው። ይህን በሁለት ሰከንድ ለመመለስ በእግር ሲሄዱ እንኳ በየመታጠፊያው "አሁን ሰሜኔ የት ነው?" ብሎ ራስን መጠየቅ ይጠቅማል።

የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የአብራሪ ማሰልጠኛ መጻሕፍቱን በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። ለአቪዬሽን እውቀት ክፍል ከዚህ የተሻለ ምንጭ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። በኤ.ኤፍ.ኦ.ኪው.ቲ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የተተወ ጥያቄ የተጣለ ነጥብ ነው።

አነጋጋሪው የግል በረራ ሰዓት ነው። ቀድሞ የበረረ ሰው ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ መብረር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ደጋፊዎቹ ሰዓቱ ፍላጎትንና ልምድን ያሳያል ይላሉ። እኔ ግን የአባትን ኪስም ይለካል ባይ ነኝ።

አካልና ኮክፒት

ዓይን፣ ቀለም የመለየት ችሎታ፣ ልብና ጆሮ ይመረመራሉ። ሲቀመጡ ያለው ቁመትና የእግር ርዝመትም ይለካል። በ1950 የአሜሪካ አየር ኃይል 4,063 አብራሪዎችን ለካ። ኮክፒት የሚሠራው ለአማካይ ሰው ነበርና አማካዩን ለማደስ ታስቦ ነው። ተመራማሪው ጊልበርት ዳንኤልስ አሥር ልኬቶችን መርጦ በሁሉም አማካይ የሆኑትን ቆጠረ። አንድም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የሚስተካከል መቀመጫና ፔዳል ልማድ እየሆነ መጣ። በ2020 ያው አየር ኃይል ለአመልካቾች ያስቀመጠውን የቁመት ገደብ አንስቷል። አጭር ወይም ረጅም በመሆናቸው ሳያመለክቱ የቀሩ ብዙዎች ነበሩ።

ከፈተናው ቀጥሎ

ያለፈው ሁሉ ወዲያው ጄት ላይ አይወጣም። መጀመሪያ በትንሽ አውሮፕላን ይሞከራል። ብዙዎችን እዚህ የሚያስጨንቃቸው ማስታወክ ነው። በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ሆዱ የሚታወክ ሰልጣኝ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ይለምደዋል። ለማይለምደው የአሜሪካ አየር ኃይል አንድ ሕክምና አለው። ሰልጣኙን በባራኒ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ቀስ ብለው ያዞሩታል፤ ራሱን እንዲያዘነብል ያደርጉታል፤ አተነፋፈሱን ያስተምሩታል። ሲለምድ ወደ አውሮፕላኑ ይመለሳል።