ደመወዜ ስንት ያስበድረኛል?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም ደሴ ቢሮ የምትሠሩ፣ ብድሩ የሚለካው በየወሩ መክፈል በምትችሉት ልክ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው መብለጥ የለበትም። 12,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 4,000 ማለት ነው። በ36 ወር 144,000 ይሆናል፣ ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ያን ያህል የሚሰጠው ይመስለዋል፣ ግን ወለዱም እዚያው ውስጥ ነው ያለው፤ በዓመት 16 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ እጁ የሚገባው 113,700 ገደማ ነው። ለቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ 1,500 የሚቆረጥበት ሰውማ የሚቀረው 2,500 ስለሆነ ወደ 71,000 ይወርዳል። ዓመቱ ሲረዝም የምትበደሩት ይጨምራል፣ ወለዱም አብሮ ያብጣል። የአገልግሎት ክፍያ ካለ ደግሞ ሌላ ነው። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የየወሩን ክፍያ ሠንጠረዥ ጠይቁ።