ንስሐ ለመግባት የሚያስፈሩን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጾሙን ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ጸበል ይጠመቃል። ንስሐ ሲባል ግን ይሸሻል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ካደግነው ውስጥ ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። በልጅነታችን እንቆርባለን፣ ጎረምሳና ኮረዳ ስንሆን እናቆማለን፣ ከዚያ «ሳረጅ እመለሳለሁ» እያልን እንቀጥረዋለን። ፍርሃቱን ሳንመረምረው የሚያኖሩት ከሰው አፍ የለቀምናቸው አባባሎች ናቸው።

«እምነት ያለው ሰው አይፈራም»

ይሄ ብዙ ሰው ጎድቷል። የፈራው ሰው «እምነቴ የውሸት ነው» ብሎ በፍርሃቱ ላይ እፍረት ይደርብበታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ወደ መቄዶንያ ሲመጣ የገጠመውን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «በውጭ ጠብ ነበረ፥ በውስጥ ፍርሃት ነበረ» ይላል። ዳዊትም ፈርቼ አላውቅም አላለም፤ በፈራ ጊዜ በእግዚአብሔር እንደሚታመን ነው የዘመረው። እግዚአብሔርን መታመን ልብ እየደለቀም የሚደረግ ነገር ነው።

«መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እናዘዛለሁ»

በጣም የተለመደው ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ልበል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን አንብቡ። ጌታ የተነሣበት ቀን መሽቷል። ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በር ዘግተዋል። ሐሙስ ሌሊት ጌታ ሲያዝ ጥለውት ሸሽተዋል፤ ጴጥሮስማ ሦስት ጊዜ ክዶታል። ከመካከላቸው የተስተካከለ ማንም አልነበረም። ጌታ ግን መጥቶ በመካከላቸው ቆመ። «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አላቸው፤ እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው። «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሎ ሥልጣን የሰጣቸውም እዚያው፣ በሩ እንደተዘጋ ነው።

ዛሬ ካህኑ መስቀሉን ይዘው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉ ያን ሥልጣን የተቀበሉት ከእነዚያ ሰዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ራሳቸው ፈርተው የተደበቁ፣ ይቅርታ የተደረገላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ይሄን ሳስብ ድፍረት አገኛለሁ። የጠፋው ልጅም ቢሆን ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ አልመጣም። አባቱ ሮጦ አቀፈው፤ ልብሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እግዚአብሔር ያውቀው የለ፤ ለሰው ምን ያስነግራል?»

ያውቃል። አዳምን «ወዴት ነህ?» ሲለውም የት እንዳለ ያውቅ ነበር። አዳም ከተደበቀበት ሆኖ ስለ ፍርሃቱ ተናገረ፤ ጥፋቱን ግን በሔዋን አሳበበ። በራሳችን ብቻ ስንናዘዝ እኛም እንዲህ እናደርጋለን፤ ሰበቡን እንደረድራለን፣ ዋናውን እናልፈዋለን። ሐዋርያው ያዕቆብ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ያለው ለመፈወስ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። ሌሊት ስናብሰለስለው ተራራ የሚያክለው ነገር ከአፍ ሲወጣ ልኩ ይታወቃል፤ የሚያናዝዙን ካህንም ምን ላይ መጸለይ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

«አባ ያውቁኛል፤ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ካህን የንስሐን ምሥጢር እንዳያወጣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ይከለክለዋል። ይሄ እንዳለ ሆኖ፣ ምሥጢሩ ወጥቶበት የተጎዳ ሰው እንዳለ መካድ ደግ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው «ዝም ብለህ ሂድ» ማለት ቁስሉን መነካካት ነው። ለቤተሰቡ የነፍስ አባት መናገር የከበደው ሰው ሌላ የሚያምነውን አባት መፈለግ ይችላል። ስትሄዱም አሳፋሪውን መጀመሪያ ተናገሩ። ወደ መጨረሻ ከተተወ ሳይነገር ይቀራል።

«ቀኖናው ቅጣት ነው»

ቀኖና ካህኑ ለተናዘዘው ሰው የሚሰጡት ነገር ነው፦ ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት፣ መዝሙረ ዳዊት መድገም፤ እንደየሰው አቅም ይሰጣል። ከከበዳችሁ «አባ፣ ይሄን አልችልም» በሉ። ወገብ የሚያመው ሰው ደብቆ መስገድ የለበትም።

«ንስሐ ገብቼም ጭንቀቱ ካልለቀቀኝ እግዚአብሔር አልተቀበለኝም»

ይቅርታው በስሜታችን አይለካም። «በኃጢአታችን ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን ከዓመፃም ሁሉ ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው» ይላል ዮሐንስ። የታመነው እርሱ ነው። ተናዝዞ፣ ቀኖናውን ፈጽሞም ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ ካልተናገረ የማይረጋጋ ሰው አለ። ደረቱን እየጨነቀው፣ እንቅልፍ እያጣ ሳምንታት የሚያልፉበትም አለ። ይሄ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ መሄድ ይገባል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ንስሐ ገባሁ ወይም ጸበል ጀመርኩ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ አደራ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንኳ በዘመናቸው ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። ለጭንቀት መድኃኒትም ነገሩ ያው ነው።

እስካሁን የነፍስ አባት የሌላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ደብር ሂዱ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እስኪበተን ጠብቁና መስቀል ተሳለሙ። «አባ፣ ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ፤ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፣ ፈርቻለሁም» ብትሏቸው ይበቃል። የቀረውን እሳቸው እየጠየቁ ያስጀምሯችኋል።